የወይዘሮ ባርባራ ሊ የድምፅ መዝገብ ምን ይነግረናል?

(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ የአንዲት ፖለቲከኛ የድምፅ አሰጣጥ መዝገብ ነው። ርዕሱ ሲነበብ ከኋላ ያላችሁ እህቶች ቡናው መቼ ነው የሚቀርበው ስትባባሉ ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም። ሆኖም በዚህ መዝገብ ውስጥ የእኛም ሕይወት አለ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ማኅበራችን ከግብር ነፃ ሆኖ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር እገሌን ምረጡ፣ እገሊትን አትምረጡ ማለት በሕግ የተከለከለ ነው። እኔም አልልም። የማደርገው መዝገቡን ማንበብ ብቻ ነው። ወይዘሮ ባርባራ ሊ ከሚያዝያ 1998 እስከ ጥር 2025 ድረስ ኦክላንድንና አካባቢዋን ወክለው በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት ተቀምጠዋል። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምናገረው። ብዙዎቻችን ወደዚህ ከተማ ከመጣን ጀምሮ ከእሳቸው በቀር ሌላ ተወካይ አላወቅንም። ከግንቦት 2025 ወዲህ ደግሞ የኦክላንድ ከንቲባ ናቸው።

እኛ ፖለቲከኛን የምንመዝነው እንዴት ነው? በእንቁጣጣሽ በዓላችን ላይ ተገኝቶ ነጠላ ከለበሰ፣ እንጀራ በእጁ ቆርሶ ከበላ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» የምትለዋን እንደምንም ከተወጣት ወዳጃችን ነው። ፎቶ እንነሳለን፣ ፎቶው ሬስቶራንቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አክብሮ መምጣትን አልንቅም፤ መከበር ደስ ይላል። ነገር ግን ፎቶ የተነሳው ሰው በሚቀጥለው ማክሰኞ ዋሽንግተን ገብቶ የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነ ፎቶው አይነግረንም።

ቁልፍ ያልኩት በምሳሌ አይደለም። የምክር ቤቱ አባላት ድምፅ ሲሰጡ የየራሳቸውን ካርድ ማሽን ውስጥ አስገብተው ቁልፍ ይጫናሉ። አረንጓዴው ድጋፍ፣ ቀዩ ተቃውሞ፣ ቢጫው «አለሁ፤ ግን አልደግፍም፣ አልቃወምም» ነው። ያ ድምፅ በስማቸው ይመዘገባል፤ ማንም ሰው ከምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ሊያየው ይችላል።

ሁሉም ውሳኔ ግን በካርድ አይሰጥም። በሚያዝያ 10 ቀን 2018 ምክር ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ውሳኔ ቁጥር 128ን ሲያጸድቅ ታስታውሳላችሁ። ስንቶቻችን ስልክ ደወልን! ስንቶቻችን ደብዳቤ ጻፍን! ያ ውሳኔ የጸደቀው በቃል ብቻ ነበር፤ ደጋፊዎች «አዎ»፣ ተቃዋሚዎች «አይ» ይበሉ ተባለ፣ ሰብሳቢው «አዎ» በልጧል አሉ፣ አለቀ። ስለዚህ በዚያ ቀን ማን ደገፈ፣ ማን ዝም አለ የሚል ዝርዝር የለም። የቀረልን የአቅራቢውና የተባባሪ ፈራሚዎቹ ስም ነው። አንድ ተወካይ መጥቶ «እኔ ያኔ ደግፌያችሁ ነበር» ቢለን፣ መጠየቅ ያለብን «ፈርመዋል ወይ?» ብለን ነው።

አሁን ወደ ወይዘሮ ሊ ልመለስ። መዝገባቸው ሲነሳ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ አንድ ቀን ነው፤ መስከረም 14 ቀን 2001። የኒውዮርክ ሕንፃዎች ከፈረሱ ሦስተኛ ቀን ነው። አገሩ ሁሉ እያለቀሰ ነው። ለፕሬዚዳንቱ የጦር ኃይል እንዲጠቀሙ ሥልጣን የሚሰጥ ውሳኔ ቀረበ። በሴኔቱ 98 ለ0 አለፈ። በተወካዮች ምክር ቤት 420 ለ1። ያቺ አንዷ ወይዘሮ ሊ ነበሩ።

ምክንያታቸውን የዚያኑ ዕለት ምክር ቤቱ ፊት ቆመው ተናግረዋል። አጥቂዎቹ አይቀጡ አላሉም። ሥልጣኑ ወሰን የለውም፤ በየትኛው አገር፣ በእነማን ላይ፣ እስከ መቼ የሚል አልተጻፈበትም፤ ሐዘን ላይ ሆነን አንቸኩል ነው ያሉት። በዚያው ቀን በዋሽንግተን ካቴድራል በተደረገው ጸሎት ላይ ከሰሙት ቃል ጠቅሰው፣ ስንነሳ እኛ ራሳችን የምንጸየፈውን ክፋት እንዳንሆን ብለው አስጠነቀቁ። ከዚያ በኋላ የግድያ ዛቻ ስለጎረፈባቸው ፖሊስ ይጠብቃቸው ጀመር።

ያ ውሳኔ የተጻፈው አፍጋኒስታን ላሉት ነው ተብሎ ነበር። በኋላ ግን በብዙ አገር ለተደረጉ ዘመቻዎች ማስረጃ ሆኖ ተጠቀሰ። ከእነዚህ አንዷ ጎረቤታችን ሶማሊያ ናት፤ በ2016 መጨረሻ የኦባማ መንግሥት አልሸባብ በሙሉ በዚሁ የ2001 ውሳኔ እንደሚሸፈን ወሰነ። አልሸባብን ማንም አይወድም፤ እኔም ጭምር። ነገር ግን በ2001 ድምፅ ከሰጡት 420 ሰዎች ስንቱ ስለ ሶማሊያ እያሰበ ነበር ቁልፉን የተጫነው? ወይዘሮ ሊ የፈሩት ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ሚዛናዊ መሆን ይገባል። ብቻን መቆም ከባድ ቢሆንም የሚወክሉት ሕዝብ ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ኦክላንድና በርክሌይ ጦርነት የሚቃወም ሰው የሞላባቸው ከተሞች ናቸው። ወይዘሮ ሊ ብዙ ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ እያገኙ ነው የተመረጡት። ያንኑ ቀይ ቁልፍ ከቴክሳስ ገጠር የተመረጠ ሰው ተጭኖት ቢሆን ኖሮ ወንበሩን ያጣ ነበር። ዛቻውን አቃልዬ አይደለም፤ ሕይወትን ማጣትና ወንበርን ማጣት የተለያዩ አደጋዎች ናቸው ለማለት ነው።

ለእኔ ከዚያ አንድ ቀን ይልቅ የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ሃያ ዓመት ነው። በየዓመቱ ያንን ሥልጣን ለመሻር ረቂቅ ያቀርባሉ፣ ይወድቃል። በ2017 የበጀት ኮሚቴው፣ ብዙ ሪፐብሊካኖች ያሉበት ኮሚቴ፣ ማሻሻያቸውን ተቀበለ። ክፍሉ አጨበጨበ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ የምክር ቤቱ መሪዎች በሌላ ኮሚቴ በኩል ማሻሻያውን ያለ ምንም ድምፅ ከረቂቁ አወጡት። በ2021 ደግሞ የኢራቁን፣ ማለትም የ2002ቱን ሥልጣን የሚሽረው ረቂቃቸው 268 ለ161 አለፈ፤ 49 ሪፐብሊካኖች አብረዋቸው ቆሙ። ሴኔቱ ግን የራሱን ያሳለፈው በ2023 ነበር፤ ያኔ የምክር ቤቱ ዘመን ተቀይሯል፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ቀሩ። የ2001ዱ፣ ብቻቸውን የተቃወሙት፣ እሳቸው ምክር ቤቱን ሲለቁም በሥራ ላይ ነበር።

በመከላከያ በጀት ላይም እንዲሁ ናቸው። በ2020 ከዊስኮንሲኑ ማርክ ፖካን ጋር ሆነው የመከላከያው ወጪ በአሥር በመቶ ይቀነስ የሚል ማሻሻያ አቀረቡ፤ 93 ደገፉ፣ 324 ተቃወሙ። ይህን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ቤታችን የሚገባውን ላንሳ።

ኤችአይቪ። ስሙ ሲጠራ አሁንም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። እኔ ግን ዝቅ አላደርግም፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚህ በሽታ እህት ወይም ወንድም፣ አክስት ወይም አጎት ያልቀበረች ሴት ጥቂት ናት።

በ1999 ወይዘሮ ሊ ለአፍሪካ የኤድስ ትልቅ የእርዳታ ፈንድ እንዲቋቋም ረቂቅ አቀረቡ። ሐሳቡ ከእሳቸው በፊት ወንበሩን ይዘው ከነበሩት፣ አለቃቸው ከነበሩት ከሮን ዴለምስ የመጣ ነው። ረቂቁ በዚያ መልኩ አላለፈም። በሚቀጥለው ዓመት ከአዮዋው ሪፐብሊካን ከጂም ሊች ጋር አብረው ሠሩት፤ በነሐሴ 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ሆነ፤ በኋላ ግሎባል ፈንድ ለተባለው ድርጅት መንገድ ጠረገ። በ2003 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቡሽ ለአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር የሚፈቅደውን፣ ፔፕፋር በሚል ስም የምናውቀውን ሕግ ፈረሙ። ወይዘሮ ሊ ሕጉን ካረቀቁት አንዷ ናቸው። መጀመሪያ ከተመረጡት አገሮች ኢትዮጵያ ነበረችበት። በ2005 አገር ቤት መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ከግሎባል ፈንድ ጋር ገንዘቡን ካቀረቡት አንዱ ይህ ነው። ከዚያ በፊት መድኃኒቱን የሚያገኘው ገንዘብ ያለው፣ ወይም ከውጭ የሚልክለት ዘመድ ያለው ነበር። ከእናንተ መካከል ከደመወዛችሁ ቆርጣችሁ መድኃኒት መግዣ ትልኩ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ የሚገርመው ነገር ይኸውላችሁ። ያንን የ2003 ሕግ በስማቸው ያቀረቡት የኢሊኖይ ሪፐብሊካን ሄንሪ ሃይድ ነበሩ። እኚህ ሰው ከ1976 ጀምሮ የመንግሥት የጤና መድን ለጽንስ ማቋረጥ እንዳይከፍል የሚከለክለው ማሻሻያ በስማቸው የሚጠራ ነው። ወይዘሮ ሊ ያንን የሃይድ ማሻሻያ ለማስወገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታግለዋል፤ በ2015 የሚሽረውን ረቂቅ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው፣ እስካሁን አላለፈም። በዚያ ጉዳይ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች በዚህኛው አንድ ወረቀት ላይ ተስማሙ።

ስምምነቱ ዋጋ ነበረው። ሕጉ ለመከላከያ ትምህርት ከሚመደበው ገንዘብ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው እስከ ጋብቻ መታቀብን ለማስተማር ይዋል ይል ነበር። ወይዘሮ ሊ ይህን አልወደዱም፤ ሕጉን ግን ደገፉ። በ2006 ደግሞ ይህ ግዴታ እንዲነሳና ለሴቶችና ለወጣቶች የተለየ ዕቅድ እንዲወጣ ረቂቅ አቀረቡ። እኛ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ያደግን ሴቶች መታቀብን አንነቅፍም። ግን እናንተው ፍረዱ፤ በድንግልና አግብታ፣ ታማኝ ሆና ኖራ፣ በባሏ ምክንያት የታመመችውን ሴት «እስከ ጋብቻ ታቀቢ» የሚለው ትምህርት ከምን ያድናታል? ስንቷን እንዲህ ያለች ሴት አውቀናል።

ይህ ሁሉ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነበረው፤ እኛን በቀጥታ የነካ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ በ1993 ክልከላው በሕግ ጸና። ዲቪ ደርሶት፣ ቤቱን ሸጦ፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ፣ የሕክምና ምርመራው ላይ የቀረ ሰው ታሪክ በየሰፈራችን አለ። ምክንያቱን ስለማይናገር ሰዉ ሌላ ሌላ ያወራበታል፤ እሱ ደግሞ ምስጢሩን ይዞ ይቀመጣል። ወይዘሮ ሊ በ2007 ይህን ክልከላ የሚያስቀር ረቂቅ አቀረቡ። በሴኔቱ በኩል ጆን ኬሪና ሪፐብሊካኑ ጎርደን ስሚዝ ያዙት። በሐምሌ 2008 ፔፕፋር በ48 ቢሊዮን ዶላር ሲታደስ ክልከላው ከሕጉ ወጣ፤ ደንቡ ተስተካክሎ በጥር 2010 ሙሉ በሙሉ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ምክንያት ሳይከለከሉ ወደዚህ የመጡ ሰዎች ዛሬ ከጎናችን ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፤ አናውቅም፣ ማወቅም አይገባንም። በእንቁጣጣሽ ፎቶ ግን ይህ አይታይም። እኔ ራሴ ለዚህ ንግግር መዝገቡን እስካገላብጥ ድረስ ያ ክልከላ በማን ጥረት እንደተነሳ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፤ አውቄ አላልፈውም። ወይዘሮ ሊ ሴት ጽንስ የማቋረጥ መብት ሊኖራት ይገባል ብለው ያለ ማወላወል ድምፅ ሰጥተዋል። በመስከረም 2021 በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ በአሜሪካ ሕገ ወጥ በነበረበት ዘመን፣ ሜክሲኮ ሄደው ጽንስ እንዳቋረጡ ለመጀመሪያ ጊዜ በምክር ቤት ተናገሩ። በዚህ ማኅበር ውስጥ ይህንን አቋማቸውን በሃይማኖቷ ምክንያት የማትቀበል እህት ብዙ ናት። የምትቀበልም አለች፤ ድምፅዋን ባታሰማም። እኔ ማናችሁንም ለመለወጥ አልቆምኩም። ነገር ግን «በዚህ ስለማልስማማ መዝገባቸውን አልሰማም» ያላችሁኝ እህቶች ስላላችሁ አንድ ሌላ ስም ልጥራ።

ክሪስ ስሚዝ፣ የኒውጀርሲው ሪፐብሊካን። ያንን ውሳኔ ቁጥር 128 ያቀረቡት እሳቸው ናቸው፤ ማኅበረሰባችን ሸልሟቸዋል፣ አመስግኗቸዋል፤ ይገባቸዋል። ጽንስ ማቋረጥን አጥብቀው ይቃወማሉ። በ2018 ፔፕፋር ሲታደስ ሕጉን ያቀረቡት እሳቸው ነበሩ። በ2023 ግን ገንዘቡ ጽንስ ማቋረጥን ለሚደግፉ ድርጅቶች ይደርሳል ብለው ለአምስት ዓመት መታደሱን ተቃወሙ። ክርክሩ ተንጓተተ፤ በመጨረሻ በመጋቢት 2024 ለአንድ ዓመት ብቻ ታደሰ፣ እሱም በመጋቢት 2025 አለቀ። እንግዲህ ለኢትዮጵያ እስረኞች የጮኹትም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ ሕሙማን መድኃኒት የሚገዛውን ሕግ መታደስ ያዘገዩትም አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ያደረጉት ከሕሊናቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውን በአንድ ድምፅ ብቻ ወዳጅ ወይም ጠላት ብለን ከፈረጅን ክሪስ ስሚዝንም ባርባራ ሊንም አናገኛቸውም።

ስለ ኑሯችን ደግሞ ጥቂት ልበል። ወይዘሮ ሊ በሚልስ ኮሌጅ ሲማሩ ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ነበሩ፤ ዌልፌርና ፉድ ስታምፕ ተቀብለዋል፣ ልጅ የሚይዝላቸው ሲያጡ ልጆቻቸውን ይዘው ክፍል ገብተዋል። ይህን ራሳቸው ደጋግመው ይናገራሉ። በ1972 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሸርሊ ቺዝም ኮሌጁን ሲጎበኙ ወይዘሮ ሊ ልርዳዎት ቢሏቸው መጀመሪያ ለመምረጥ ተመዝገቢ አሏቸው፤ ያኔ አልተመዘገቡም ነበርና። በእኛ ዘንድ ፉድ ስታምፕ መቀበል እንደ ነውር ይቆጠራል። የሚገባትን እርዳታ «ሰው ምን ይለኛል» ብላ የተወች፣ ልጆቿን በነጭ ሩዝ ያሳደገች እናት አውቃለሁ። ወይዘሮ ሊ በፉድ ስታምፕ ጉዳይ ሲከራከሩ የሚናገሩት ከሪፖርት ያነበቡትን አይደለም።

በደመወዝ ላይ ያላቸው አቋም ግን ለሁለት ይከፍለናል። በሐምሌ 2019 የተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራሉን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 ዶላር የሚያሳድገውን ረቂቅ 231 ለ199 ሲያሳልፍ ደግፈዋል። ሴኔቱ አላነሳውም፤ የፌዴራሉ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። በ2024 ለሴኔት ሲወዳደሩ ደግሞ 50 ዶላር ይሁን አሉ። አረጋውያንን በየቤታቸው የምትጦሩ እህቶች ይህን ስትሰሙ ፈገግ እንዳላችሁ አያለሁ፤ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ ፊታችሁ ተለውጧል። እኔ 50 ዶላሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው ባይ ነኝ፤ በምክር ቤት ድምፅ ያልተሰጠበት ነገር የምርጫ ወቅት ንግግር ነው። የ15 ዶላሩ ግን መዝገብ ላይ ያለ ድምፅ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። በዚያ ውድድር በመጀመሪያው ዙር አራተኛ ወጥተው ቀሩ።

አሁን ሥራቸው ተለውጧል። የኦክላንድ ከንቲባ በከተማው ምክር ቤት ውስጥ እንደ አባል ድምፅ አይሰጥም፤ ድምፅ የሚሰጠው የአባላቱ ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን እንዳደረጉት ብቻቸውን ቀይ ቁልፍ ተጭነው ማሳየት አይችሉም። ከተማዋ ደግሞ ገንዘብ አጥሯታል፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩትን ከንቲባ ሕዝቡ በ2024 በድምፁ አውርዷቸዋል። «አይ» ማለትን ሃያ ስድስት ዓመት የተለማመዱ ሰው፣ አሁን የትኛው ቤተ መጻሕፍት ይዘጋ፣ የትኛው የእሳት አደጋ ጣቢያ ይቆይ በሚለው ላይ ሐሳብ ማቅረብ አለባቸው። የኦክላንድ በጀት ለሁለት ዓመት የሚወጣ ሲሆን የሚጸድቀው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ረቂቁ ይፋ ይሆናል፣ ማንም ሰው ቀርቦ መናገር ይችላል። ለአረጋውያን ማዕከሎችና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለልጆች እንክብካቤ ስንት እንደተመደበ እዚያ ላይ አለ። የዚህን ንግግር ወረቀት በር ላይ ታገኛላችሁ፤ መዝገቡን ራሳችሁ ማየት ለምትፈልጉ፣ ኮምፒውተር የምትችል አንዲት ወጣት አባላችን ከስብሰባው በኋላ እያንዳንዱን ድምፅ እንዴት እንደሚፈለግ ታሳያችኋለች።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ከኋላ ያላችሁት እህቶች ጀምሩ፤ ቡናው ገና አቦል ነው።